በጧሪና በቀባሪ መካከል፦ የአረጋውያን መኖሪያ ቤቶች ታሪክ ምን ያስተምረናል?



መዝሙር 71ን የጸለየው ሰው አርጅቷል። ጠጉሩ ሸብቷል፣ ጉልበቱም ደክሟል። ይሁን እንጂ እግዚአብሔርን የሚለምነው ምግብና መጠለያ እንዲሰጠው አይደለም። የሚለምነው እንዳይጣል ነው (ቁ. 9)። ዝቅ ብሎም ምክንያቱን ይናገራል፦ የእግዚአብሔርን ኃይል ለሚመጣው ትውልድ የማውራት ሥራ ገና ይቀረዋል (ቁ. 18)። እንግዲህ የዚህ ሽማግሌ ጸሎት ሁለት ነገር ይዟል። አንደኛው ከሰው እንዳይለይ፣ ሁለተኛው ሥራው ከእጁ እንዳይወሰድ ነው።

በአገራችን ረዳት ያጡ አረጋውያንን "ጧሪ ቀባሪ የሌላቸው" እንላቸዋለን። አባባሉ እውነት አለው። ጧሪ ያበላል፣ ያለብሳል፤ ቀባሪ በክብር ይሸኛል። ነገር ግን በመጦርና በመቀበር መካከል ብዙ ቀንና ብዙ ሌሊት አለ። አንዳንዴ አሥር ዓመት፣ አንዳንዴም ሃያ ዓመት ይሆናል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሰው በምን ይኖራል? ይህን ጥያቄ የአረጋውያን መኖሪያ ቤቶች ታሪክ አጥብቆ ይጠይቀናል።

ብዙዎቻችን ወላጅን ማዕከል ማስገባት የሌላ አገር ሰው ሥራ ነው እየተባልን አድገናል። ዛሬ ግን ጉዳዩ በራችንን አንኳኩቷል። በአዲስ አበባ ልጆች ባልና ሚስት ሆነው ጠዋት ወጥተው ማታ ይገባሉ፤ እናት ወይም አባት በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን ይውላሉ። በአሜሪካና በአውሮፓ ደግሞ የመርሳት ሕመም የያዛቸውን ወላጆች ቀንና ሌሊት መጠበቅ ከአቅማቸው በላይ ሆኖ በእንባ ነርሲንግ ሆም ያስገቡ ወገኖች አሉ። በእነዚሁ ቤቶች ተቀጥረው የሌላውን ሰው እናት የሚያጥቡ፣ የሚያጎርሱ ብዙ ወንድሞችና እኅቶችም አሉን። ስለዚህ ታሪኩ የእኛም ነው።

የመጀመሪያይቱ ቤተ ክርስቲያን መዝገብ

በሐዋርያት ሥራ 6 የምናነበው የመጀመሪያው የቤተ ክርስቲያን የውስጥ ቅሬታ በመበለቶች እንክብካቤ ምክንያት የተነሣ ነው። ግሪክኛ ተናጋሪ የሆኑት መበለቶች በየዕለቱ በሚደረገው ምጽዋት ተዘንግተው ነበር። ምግቡ አልጠፋም፤ የተዘነጉት የብዙኃኑ ቋንቋ ቋንቋቸው ያልሆነው እናቶች ናቸው። ሐዋርያትም ጉዳዩን እንደ ትንሽ ነገር አላዩትም። በመንፈስ ቅዱስ የተሞሉ ሰባት ሰዎች እንዲመረጡ አደረጉ። የሰባቱም ስም የግሪክ ስም መሆኑን ልብ እንበል። የተዘነጉትን እንዲያገለግሉ የተሾሙት ቋንቋቸውን የሚያውቁ ሰዎች ይመስላሉ።

ሐዋርያው ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ ደግሞ ሥርዓት ያስቀምጣል (1ኛ ጢሞ. 5)። በመጀመሪያ ልጆችና የልጅ ልጆች ለወላጆቻቸው ብድራት ይመልሱ። ማንም የሌላትን ግን ቤተ ክርስቲያን ትርዳት። በመዝገብ የምትጻፈው መበለት ዕድሜዋ ከ60 ዓመት እንዳያንስ ይላል። ያቺ መበለት ተቀባይ ብቻ አይደለችም፤ እንግዳ በመቀበልና የቅዱሳንን እግር በማጠብ የተመሰከረላት፣ ሌሊትና ቀን በጸሎት የምትተጋ ናት። መዝገቡ የተረጂዎች ስም ዝርዝር ብቻ ሳይሆን የአማላጆች ስም ዝርዝርም ነበር ማለት ነው።

ይህ ዘር በአራተኛው መቶ ዘመን ፍሬ አፈራ። የቂሣርያው ባስልዮስ በቀጰዶቅያ ከከተማው ውጭ ለድሆች፣ ለሕሙማንና ለእንግዶች ትልቅ የመጠለያና የሕክምና መንደር አሠራ። በስድስተኛው መቶ ዘመን በንጉሥ ዮስጢንያኖስ የሕግ መጽሐፍ ውስጥ ከእንግዳ መቀበያዎችና ከወላጅ አልባ ሕፃናት ቤቶች ጋር የአረጋውያን ቤት ራሱን ችሎ በስሙ ተጠቅሶ እናገኛለን። በዚያ ዓለም አረጋውያንን ተቀብሎ በቤት ማኖር የክርስቲያኖች መታወቂያ ከሆኑት ሥራዎች አንዱ ነበር።

እንጀራው ሲሰጥ ክብሩ ሲወሰድ

መልካም ጅምር ሁልጊዜ መልካም አካሄድ አይኖረውም። ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ፣ ራሷን ክርስቲያን ብላ በምትጠራው በእንግሊዝ፣ እ.ኤ.አ. በ1834 አዲስ የድሆች ሕግ ወጣ። በዚህ ሕግ መሠረት እርዳታ የሚፈልግ ድሃ "ወርክሃውስ" በተባለ ቤት ውስጥ እንዲገባ ይደረግ ነበር። የቤቱ ኑሮ ከውጭ ካለው ከዝቅተኛው ሠራተኛ ኑሮ የባሰ እንዲሆን ታስቦ የተሠራ ነው፤ ሰው ፈርቶት እንዳይመጣ። ወንዶች ለብቻ፣ ሴቶች ለብቻ፣ ልጆችም ለብቻ ይኖሩ ነበር። የራስን ልብስ አስረክቦ የቤቱን ልብስ መልበስ ግዴታ ነበር።

ሕጉ የወጣው ሥራ ፈት ወጣቶችን ለማስፈራራት ነው ተባለ። ዘመናት ሲያልፉ ግን ቤቱን የሞሉት በአብዛኛው አረጋውያንና ሕሙማን ሆኑ። ዕድሜ ልካቸውን ሲሠሩ ኖረው ጉልበታቸው ሲያልቅ የገቡ ሰዎች ነበሩ። ዐርባና ሃምሳ ዓመት በአንድ ጣሪያ ሥር የኖሩ ባልና ሚስት በር ላይ ይለያዩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1847 ዕድሜያቸው ከ60 በላይ የሆነ ባለትዳሮች ሳይፈልጉ እንዳይለያዩ ተደነገገ። በጋብቻ ቅድስና የሚያምን ሕዝብ ለዚህ የተለየ ሕግ ማስፈለጉ ራሱ ያሳዝናል።

በዚያ ቤት ምግብም መኝታም ነበር። በጧሪ ሚዛን ብቻ ከለካነው ቤቱ "ጦሯል" ሊባል ይችላል። በመዝሙር 71 ሚዛን ከለካነው ግን ሰውን በጣሪያ ሥር አኑሮ ጥሎታል። የእንግሊዝ ድሆች ወርክሃውስ ውስጥ ከመሞት የበለጠ የሚፈሩት ነገር ጥቂት ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 1909 ዕድሜያቸው 70 ለደረሰ ድሆች በሳምንት እስከ 5 ሺሊንግ የሚደርስ የመንግሥት ጡረታ መከፈል ሲጀምር ብዙዎች በራሳቸው ቤት የመቆየት ዕድል አገኙ።

ከአልጋ የተነሡት

እ.ኤ.አ. በ1935 በለንደን አቅራቢያ ዌስት ሚድልሴክስ የተባለው ሆስፒታል በአጠገቡ የነበረውን የድሆች ሕሙማን ቤት ተረከበ። በውስጡ የነበሩት 714 ሕሙማን ማርጆሪ ዋረን ለተባለች ሐኪም ተሰጡ። አብዛኞቹ አረጋውያን ነበሩ። ብዙዎቹ በቅጡ ሳይመረመሩ፣ "ከእንግዲህ አይድንም" ተብለው ለዓመታት በአልጋ ላይ የተተዉ ናቸው።

ዶክተር ዋረን የሠራችው ሥራ ሲታይ ቀላል ይመስላል። እያንዳንዳቸውን መረመረች። ማን ሕክምና፣ ማን የእግር ልምምድ፣ ማን ደግሞ ቤት ብቻ እንደሚያስፈልገው ለየች። ክፍሎቹ ብርሃን እንዲያገኙ፣ ግድግዳዎቹም እንዲቀቡ አደረገች። ሕሙማኑ ከአልጋ ወርደው እንዲቀመጡ፣ እንዲቆሙ፣ እንዲራመዱ ከሠራተኞቿ ጋር ለፋች። አይነሡም የተባሉ ሰዎች ተነሡ፤ ወደ ቤታቸው የተመለሱም ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1943 እና በ1946 በሕክምና መጽሔቶች ላይ ባወጣቻቸው ጽሑፎች የአረጋውያን ሕክምና ራሱን የቻለ ሙያ እንዲሆን ተከራከረች። ዛሬ በብሪታንያ የዚህ ሙያ እናት ተብላ ትጠራለች።

ብዙዎቹን አልጋ ላይ ያስቀራቸው ዕድሜያቸው ብቻ አልነበረም፤ ተስፋ የቆረጠባቸው ሰው ዐይንም ነው። ጌታችን በቤተሳይዳ መጠመቂያ አጠገብ ሠላሳ ስምንት ዓመት የተኛውን ሰው ባገኘው ጊዜ (ዮሐ. 5) ሰውየው አስቀድሞ ያማረረው ስለ እግሩ ሳይሆን ሰው ስለ ማጣቱ ነበር።

በዚያው በ1943 ዋልተር ሆል የተባለ የሜቶዲስት አገልጋይ በብሪታንያ ለአረጋውያን ቤቶችን የሚከፍት ድርጅት መሠረተ። ያ አገልግሎት እስከ ዛሬ ይሠራል። መንግሥትም እ.ኤ.አ. በ1948 ባወጣው ሕግ የአካባቢ አስተዳደሮች እንክብካቤ ለሚያስፈልጋቸው አረጋውያን መኖሪያ እንዲያዘጋጁ ግዴታ ጣለ። ሆኖም ፒተር ታውንሴንድ የተባለ ተመራማሪ በእንግሊዝና በዌልስ 173 የአረጋውያን ቤቶችን ዞሮ ካየ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1962 ያሳተመው መጽሐፍ ብዙዎችን አስደነገጠ። ብዙ አረጋውያን አሁንም የሚኖሩት ስማቸው ብቻ በተቀየረ የድሮ ወርክሃውሶች ውስጥ ነበር። ሥራ የላቸውም፤ ከዘመድና ከወዳጅ ተለይተዋል፤ ለብቻ የሚሆኑበት ቦታ የላቸውም፤ በራሳቸው ቀን ላይ የማዘዝ ሥልጣናቸውም ተወስዷል። ሕግ በአንድ ቀን ይለወጣል፤ ልማድ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል።

ራሳቸው ሲጠየቁ

በአሜሪካ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1965 ሜዲኬርና ሜዲኬይድ ከተደነገጉ በኋላ ነርሲንግ ሆሞች በፍጥነት በዙ። አብዛኞቹ በሆስፒታል አምሳል የተሠሩ ነበሩ፦ ረጅም ኮሪደር፣ በአንድ ክፍል ሁለት አልጋ፣ በሰዓት የሚታዘዝ ኑሮ። እንዳይወድቁ ተብሎ በወንበርና በአልጋ ላይ የሚታሰሩ አረጋውያንም ብዙ ነበሩ።

እ.ኤ.አ. በ1985 አንድ የተገልጋዮች ኅብረት በ15 ከተሞች ከ400 በላይ አረጋውያንን ሰብስቦ "መልካም እንክብካቤ ለእናንተ ምንድን ነው?" ብሎ ጠየቀ። አረጋውያኑ የሚያከብራቸውና የሚራራላቸው ሠራተኛ እንደሚፈልጉ፣ በዕለት ኑሯቸው የመምረጥ መብት እንደሚሹ ተናገሩ። ድምፃቸው በከንቱ አልቀረም። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1987 የወጣው የነርሲንግ ሆም ማሻሻያ ሕግ እያንዳንዱ ነዋሪ በአካል፣ በአእምሮና በማኅበራዊ ኑሮው ሊደርስበት የሚችለው ከፍተኛ ደኅንነት እንዲጠበቅለት አዘዘ። ሰውን ለቅጣት ወይም ለሠራተኛ ምቾት ብሎ ማሰርንም ከለከለ።

ከዚያ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1976፣ ኤለን ላንገርና ጁዲት ሮዲን የተባሉ ተመራማሪዎች በኮነቲከት ግዛት በአንድ የአረጋውያን ቤት ያደረጉት ጥናት ታትሞ ነበር። በአንደኛው ፎቅ ያሉት ነዋሪዎች ስለ ኑሯቸው ራሳቸው ኃላፊ እንደሆኑ ተነገራቸው፤ የሚንከባከቡት አንድ ተክልም መረጡ፤ ፊልም የሚያዩበትን ምሽት ወሰኑ። በሌላው ፎቅ ያሉትም ተክል ተሰጣቸው፤ ውኃ የምታጠጣላቸው ግን ነርሷ ነበረች፤ የፊልሙንም ምሽት ሌላ ሰው ወሰነላቸው። ከሦስት ሳምንት በኋላ የመጀመሪያዎቹ ይበልጥ ደስተኞች፣ ንቁዎችና ተጫዋቾች ሆነው ተገኙ። ከ18 ወር በኋላ ከእነርሱ የሞቱት ቁጥር ከሌሎቹ ያነሰ እንደ ነበር ተጽፏል። በኋላ በስሌቱ ላይ እርማት ስለ ወጣ ይህን የሞት ቁጥር በጥንቃቄ መያዝ ይገባል። ነገር ግን አንድ ማሰሮ አበባና የአንድ ምሽት ምርጫ የሰውን ፊት እንደሚያበሩ ማየት ቀላል ነገር አይደለም።

ከገነት የተረፈ ነገር

እ.ኤ.አ. በ1991 በኒው ዮርክ ግዛት ገጠር፣ ቼዝ ሜሞሪያል በተባለ የአረጋውያን ቤት፣ ቢል ቶማስ የተባለ የ31 ዓመት ሐኪም ሥራ ጀመረ። በቤቱ 80 ያህል ነዋሪዎች ነበሩ። ሐኪሙ እነዚህ ሰዎች የሚሠቃዩት በሕመማቸው ብቻ ሳይሆን በሦስት መቅሠፍቶች ጭምር እንደሆነ አስተዋለ፦ ብቸኝነት፣ ለምንም አልጠቅምም የሚል ስሜትና ቀኑ ሁሉ አንድ ዓይነት መሆኑ። ለእነዚህም የታዘዘ ክኒን የለም።

እርሱ ያመጣው መድኃኒት ሠራተኞቹን ሳይቀር አስገርሟል። ሁለት ውሾች፣ አራት ድመቶችና አንድ መቶ ትናንሽ በቀቀኖች ወደ ቤቱ ገቡ። በየክፍሉ ተክል ተተከለ፤ የጓሮ አትክልት ተዘጋጀ፤ የሠራተኞች ልጆችም እየመጡ መጫወት ጀመሩ። አረጋውያኑ ወፎቹን ወስደው ስም አወጡላቸው። መናገር ተዉ የተባሉ ሰዎች ተናገሩ፤ ከክፍላቸው የማይወጡ የነበሩት ውሻውን ላናፍስ እያሉ መጡ። ቤቱን ከሌላ ተመሳሳይ ቤት ጋር ባወዳደሩት ጊዜ ለአንድ ነዋሪ የሚታዘዘው መድኃኒት በግማሽ ቀንሶ፣ የሞት ቁጥሩም በ15 በመቶ አንሶ ተገኘ። ይህ በአንድ ቤት የታየ ውጤት ስለሆነ ለብቻው ማረጋገጫ አናደርገውም።

ወገኖች፣ ዘፍጥረት 2ን ከዚህ ታሪክ አጠገብ አድርጋችሁ አንብቡት። እግዚአብሔር ለመጀመሪያው ሰው ምን ሰጠው? የሚያበጃትና የሚጠብቃት የአትክልት ስፍራ፣ ስም የሚያወጣላቸው እንስሳት፣ ብቻውንም እንዳይሆን የምትረዳው አጋር። ይህ ስጦታ ለወጣቶች ብቻ ነው የሚል ቃል በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የለም። ሰው ሰማንያ ዓመት ሲሞላው ሰው መሆኑ አይቀርም። የሚያበጀው፣ ስም የሚጠራው፣ አብሮት የሚሆነው ያስፈልገዋል።

ቶማስ በዚህ አላበቃም። የእርሱን ሐሳብ ይዞ በሚሲሲፒ ግዛት፣ በቱፔሎ ከተማ፣ የመጀመሪያዎቹን ትናንሽ ቤቶች እ.ኤ.አ. በ2003 የከፈተው በዚያ ያለው የሜቶዲስቶች የአረጋውያን አገልግሎት ነው። በአንድ ቤት አሥር ሰው ይኖራል። ለእያንዳንዱ የራሱ ክፍልና መታጠቢያ አለው። ምግቡ እዚያው ይበስላል፤ ሽታው ቤቱን ይሞላል፤ ሁሉም በአንድ ገበታ ዙሪያ ይቀመጣሉ። ሮዛሊ ኬን የተባለች ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር ለሁለት ዓመት ተከታትላ እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣችው ጥናት የእነዚህ ቤቶች ነዋሪዎች ኑሯቸውን በብዙ መንገድ ከቀድሞው ዓይነት ነርሲንግ ሆም ነዋሪዎች የተሻለ ብለው መግለጻቸውን አሳይታለች።

ለእኛ የተሰጠ አደራ

በአገራችንም እግዚአብሔር ሰዎችን አስነሥቷል። በ2002 ዓ.ም. በቢኒያም በለጠ መሥራችነት የተጀመረው መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ከጎዳና ያነሣቸው ወገኖች በሺዎች ይቆጠራሉ። "ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው" የሚለውን መርሑን የማያውቅ ጥቂት ነው። ከጎዳና የተነሣ ሰው በመጀመሪያ አልጋና እንጀራ ያስፈልገዋል፤ ለዚህ ሥራ መስጠት ይገባናል። የመቶ ዘመናቱ ታሪክ የሚጨምርልን፣ አልጋውና እንጀራው ከተገኘ በኋላ የሚቀረውን ሥራ ነው። ይህን ሥራ ደግሞ ገንዘብ የሌለውም ምእመን ሊሠራው ይችላል።

እንግዲህ ጥቂት ነገር እንምከር።

አንደኛ፣ ቋንቋ የተዘነጋባቸውን እናስብ። በውጭ አገር ነርሲንግ ሆም ውስጥ አማርኛ ብቻ የሚናገሩ እናት ቀኑን ሙሉ የሚገባቸው ቃል ሳይሰሙ ሊያመሹ ይችላሉ። የሐዋርያት ሥራ 6 ስለ እርሳቸውም የተጻፈ ነው። አጥቢያችን በተራ የሚጎበኙ ሰዎችን ትመድብ። የሚሰማ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ፣ የሚያውቁት መዝሙር፣ በፔርሙዝ የተያዘ ቡና፣ "እማማ" ብሎ የሚጠራ ድምፅ ይዘን እንሂድ።

ሁለተኛ፣ ሰጥተን ብቻ አንመለስ፤ ተቀብለንም እንመለስ። በባህላችን ሽማግሌ ይመርቃል፤ የተመረቀም ጎንበስ ብሎ አሜን ይላል። ብርቱካንና ሳሙና አስረክበን ፎቶ አንሥተን ስንሮጥ ምርቃቱን ጥለን መውጣታችን ነው። ሐና ነቢይት ሰማንያ አራት ዓመት ሆኗት በመቅደስ በጸሎት ትተጋ ስለ ነበር ሕፃኑን ኢየሱስን አይታ ለሌሎች ተናገረች (ሉቃ. 2)። ስለዚህ ለአረጋውያኑ የሚጸልዩላቸውን ሰዎች ስም እንስጣቸው፤ በሚቀጥለው ሳምንትም የጸሎቱን መልስ እንንገራቸው። ጌታን እንዴት እንዳገኙት እንጠይቃቸው፤ ወጣቶቻችን ተቀምጠው ይስሙ።

ሦስተኛ፣ ምርጫቸውን አንንጠቅ። የትኛውን ነጠላ እንደሚለብሱ፣ መቼ ገላቸውን እንደሚታጠቡ፣ እንጀራ ወይስ ገንፎ እንደሚሹ መጠየቅ ጊዜ ቢወስድም ክብር መስጠት ነው። ይህ በቤታችን ለምናኖራቸው ወላጆችም ይሠራል፤ ሰው በልጁ ቤትም ሊጣል ይችላልና።

አራተኛ፣ ልጆች ሆይ፣ ወላጅን ማዕከል ማስገባት ወላጅን መጣል ነው ብለን በማንም ላይ አንፈርድም። ከአቅም በላይ የሆነ ሕመም አለ። ነገር ግን ፎርሙ ላይ የፈረምንበት ቀን የ1ኛ ጢሞቴዎስ 5 አደራ የሚያበቃበት ቀን አይደለም። ገንዘብ መላክ የመንገዱ እኩሌታ ነው። መስቀል ላይ ሳለ እናቱን ለሚወደው ደቀ መዝሙር አደራ የሰጠ ጌታ፣ በዚያ ሥቃይ ውስጥ ሆኖ እንኳ ማን አብሯት እንደሚኖር አስቦላታል።

አምስተኛ፣ በእነዚህ ቤቶች የምትሠሩ ወንድሞችና እኅቶች፣ ሥራችሁ ዝቅ ያለ እንዳይመስላችሁ። ማበሻ ጨርቅ የታጠቀው ጌታ በዚያ አለ። በሌሊት ተራ ደክማችሁ የምታገላብጡት ሽማግሌ የአንድ ሰው አባት ነው፤ አመጋገባችሁንና አነጋገራችሁን ሰማይ ያየዋል። አጥቢያዎችም ስለ እነዚህ ወገኖች በስም ይጸልዩ፤ ደመወዛቸው ትንሽ፣ ድካማቸው ግን ብዙ ነውና።

እግዚአብሔር በኢሳይያስ 46፥4 ለሕዝቡ እስከ ሽበታቸው ድረስ እንደሚሸከማቸው ቃል ገብቷል። ጣዖታትን ሰው ይሸከማቸዋል፤ ሕያው አምላክ ግን ሰውን ይሸከማል። እርሱ የሚሸከምበት ክንድ ብዙ ጊዜ የእኛ ክንድ ነው።

አባታችን ሆይ፣ በየቤቱና በየማዕከሉ ብቻቸውን ያሉትን አባቶቻችንንና እናቶቻችንን አስብ። በሽበታቸው ዘመን ፍሬያቸው እንዳይደርቅ፣ ቃላቸውም ሰሚ እንዳያጣ አድርግ። እኛንም ለመጦር እጅ፣ ለመስማት ጆሮ፣ ለመመረቅ ትሕትና ስጠን። በጌታችን በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፤ አሜን።